ክምሩ እንዳይናድ፦ ምርትን በርብራብ ላይ መደርደር፣ ማሰርና ማጓጓዝ

ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲጠባ በማረቆና በመስቃን ማሳዎች ላይ የቀላው በርበሬ ይለቀማል። በፀሐይ ይደርቃል፣ በትልልቅ ማዳበሪያ ይታጨቃል፣ ከዚያም በጋሪና በአይሱዙ ወደ ቡታጅራ ይጓዛል። በዚያው ሰሞን በወልቂጤ በኩል የጤፉ፣ የበቆሎው፣ የቆጮውና የቡናው ጭነት መንገዱን ይሞላዋል። ሁለቱም ከተሞች ከመንገድ ጋር ያደጉ ናቸው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጅማው መንገድ ላይ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ከገጠሩ የሚወጣው ምርትም፣ ከማዕከል የሚመጣው የአፈር ማዳበሪያ፣ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙናም በእነዚህ ሁለት ከተሞች መጋዘኖች ያልፋል።

አርሶ አደሩ ስለ ዘር፣ ስለ አረምና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ብዙ ምክር ይሰማል። ምርቱ ከማሳ ከወጣ በኋላ ስለሚያርፍበት ክምርና ስለሚጫንበት መኪና ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ክምሩ ሲናድ ወይም የታችኛው ረድፍ ሲሻግት የሚጠፋው ግን ያው ወራት የተደከመበት ምርት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጉዳዩን የታዘበችው በአንድ የገጠር ቀበሌ መጋዘን ውስጥ ነበር። ዩሪያው በሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ ተከምሮ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አንድ ክረምት አሳልፏል። የላይኞቹ ከረጢቶች ደህና ነበሩ። የታችኞቹ ሁለት ረድፎች ግን እርጥበት ስበው እንደ ድንጋይ ስለጠነከሩ ሠራተኞቹ በመዶሻ ይሰብሯቸው ነበር። ክምሩም ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ስለነበር ከሥሩ የሚሠራው ሰው በየጊዜው ቀና እያለ ይመለከት ነበር። ዩሪያው ሲመጣ ጉድለት አልነበረበትም፤ የጎዳው አቀማመጡ ነው።

መልካም ክምር አራት ነገሮችን ይፈልጋል። ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ ረድፎቹ እርስ በርስ መያያዝ፣ ዙሪያውን ታስሮ አንድ አካል መሆን፣ ሲጓዝም ከመኪናው ጋር መቆራኘት አለበት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሦስቱ ክምሩን አያድኑትም።

ጎተራው የሚያስተምረው

ምርትን ከመሬት ማራቅ ለአገራችን ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ጎተራ በድንጋይ ወይም በእንጨት እግር ላይ የሚቆመው ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ፣ የመሬቱ እርጥበት ወደ እህሉ እንዳይወጣና አይጥ እንደልቧ እንዳትገባ ነው። ዛሬ በመጋዘኖች የምናየው ፓሌት፣ በእኛ አነጋገር የእንጨት ርብራብ፣ ይኸው ጥበብ በሌላ መልክ የመጣ ነው።

ፓሌት በዓለም ላይ በስፋት የተለመደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ብዙ ዕቃ በአጭር ጊዜ ከባቡር ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ መጋዘን ማዛወር በማስፈለጉ፣ ከሥሩ የማንሻ መኪና ሹካ የሚገባበት ጠፍጣፋ የእንጨት መድረክ አገልግሎቱ ገነነ። ዛሬ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠኖች አንዱ 120 በ100 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአውሮፓ የተለመደው ደግሞ 120 በ80 ሳንቲ ሜትር ነው። በገቢ ዕቃ ሥር ተነጥፈው የሚመጡት ፓሌቶች ከደረቅ ወደብና ከአስመጪዎች መጋዘን እየወጡ ወደ ክልል ከተሞችም ይደርሳሉ።

የማንሻ መኪና በሌለበት የገጠር መጋዘን ፓሌት ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቀላል ነው። ሲሚንቶ ወለል ደረቅ ቢመስልም ከአፈሩ እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። በላዩ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ከረጢት ያንን እርጥበት ስለሚያፍነው ጤዛው ወደ ምርቱ ይገባል። ከወለሉ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ርብራብ ነፋስ እንዲመላለስ ከማድረጉም በላይ፣ ጠባቂው የአይጥ ኩስ፣ የነቀዝ ዱቄት ወይም የውኃ ፍሳሽ መኖሩን በባትሪ ብርሃን ዝቅ ብሎ እንዲያይ ያስችለዋል።

ርብራቡን በአካባቢው መሥራት ይቻላል። በጉራጌ ምድር ባህር ዛፍ በደጅ ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባህር ዛፍ ራሱ እርጥበት ይሰጣል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ይሁን፤ ከዚያ ከሰፋ ከረጢቱ ወደ ክፍተቱ እየሰረገ ክምሩን ያዛባዋል። የምስማሩ ራስ ከእንጨቱ ገጽ በታች ይቀበር፤ ብቅ ያለ አንድ ምስማር የታችኛውን ከረጢት ይቀድዳል፣ የሚፈሰው እህልም ከሥር ጀምሮ ክምሩን ያጎድላል። ከሁሉም በላይ የርብራቡ እግሮች እኩል ይሁኑ። ከሥር በሁለት ጣት ያዘነበለ ክምር ከላይ ሲደርስ በክንድ ያዘነብላል።

ያገለገለ ፓሌት የሚገዛ ሰው ደግሞ ቀድሞ ምን ተጭኖበት እንደነበር ይጠይቅ። የፀረ ተባይ ኬሚካል ወይም ዘይት የፈሰሰበት ፓሌት ለእህልና ለበርበሬ አይሆንም። ድንበር ተሻግረው በመጡ ፓሌቶች ጎን ላይ በእሳት የታተመ ምልክት ይገኛል። በላቲን ፊደል ኤች እና ቲ የተጻፈበት እንጨት በሙቀት የታከመ ነው፤ ይኸውም የእንጨቱ መካከል እስከ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሞቆ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጓል ማለት ነው። ኤም እና ቢ የሚል ከሆነ ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታከመ ስለሆነ ለምግብ ማስቀመጫም ለማገዶም ባይውል ይመረጣል።

ረድፍ በረድፍ

ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር የታችኛውን መጋጠሚያ በላይኛው ብሎኬት ወገብ ይሸፍነዋል። መጋጠሚያዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ቢገጣጠሙ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። የከረጢት ክምርም ሕጉ ይኸው ነው። ሁሉም ከረጢቶች በአንድ አቅጣጫ ከተነባበሩ ክምሩ አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ምሰሶዎች ስብስብ ይሆናል። አንዱ ምሰሶ ሲያዘነብል የሚይዘው የለም።

ለእህልና ለማዳበሪያ ከረጢት የተለመደው አደራደር በሦስት የሚሄደው ነው። ሁለት ከረጢቶች ጎን ለጎን በቁመት ይተኛሉ፤ ሦስተኛው በራስጌያቸው አግድም ይጋደማል። በሚቀጥለው ረድፍ ላይ አግድሙ በተቃራኒው ጫፍ ይሆናል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ከረጢት ቢያንስ ሁለት ሌሎችን ይረግጣል። ከረጢቱ ወይም ካርቶኑ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንደሆነ ደግሞ በ120 በ100 ፓሌት ላይ አምስት አምስት ይገጥማል። ሦስቱ በአንድ ወገን ጎን ለጎን፣ ሁለቱ በሌላው ወገን ተከታትለው ይቀመጣሉ። 60 እና 40 ተደምሮ 100፣ ሦስት ጊዜ 40 እና ሁለት ጊዜ 60 ደግሞ 120 ስለሚሆን ቦታው ሳይተርፍም ሳይጎድልም ይሞላል። ቀጣዩ ረድፍ ይህንኑ በግማሽ ዙር አዙሮ ይደግማል።

የከረጢቱ አፍ ወደ ክምሩ ውስጥ ቢዞር ይመረጣል። ስፌቱ ቢፈታ እህሉ ወደ ውጭ አይፈስም፤ ሌባም አፉን በቀላሉ አያገኘውም። የእያንዳንዱ ከረጢት ሆድ በእጅ ተደልድሎ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንቁላል የመሰለ ከረጢት ላይ የተቀመጠ ከረጢት መንሸራተቱ አይቀርም።

የከረጢቱ ዓይነትም ለቁመቱ ገደብ ያበጃል። የጥንቱ የቃጫ ከረጢት ሻካራ ስለሆነ አንዱ አንዱን ይይዛል። ዛሬ ገበያውን የሞላው ከፕላስቲክ ክር የተሠራው ማዳበሪያ ግን የሚያሙለጨልጭ ስለሆነ ክምሩ ዝቅ ማለት አለበት። የተለያየ መጠን ያላቸው ከረጢቶች በአንድ ክምር ከተቀላቀሉም ረድፉ አይስተካከልም። ከፍ እያለ ሲሄድ ጠርዙን ጥቂት ጥቂት ወደ ውስጥ መሰብሰብ፣ ማለትም ክምሩን ከሥሩ ሰፊ ከላዩ ጠበብ ማድረግ፣ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው።

ካርቶን ግን ሌላ ጠባይ አለው። የካርቶን ጉልበት ያለው በአራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ነው። ማዕዘን በማዕዘን ላይ ሲያርፍ ብዙ ይሸከማል፤ እንደ ብሎኬት ሲጠላለፍ ግን የላይኛው ማዕዘን በታችኛው ደካማ ወገብ ላይ ስለሚያርፍ የመሸከም አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘይት፣ ሳሙና ወይም ብስኩት በካርቶን የሚያከማች ነጋዴ የታችኞቹን ረድፎች ማዕዘን በማዕዘን፣ የላይኞቹን አንድ ሁለት ረድፎች ደግሞ አጠላልፎ ቢደረድር ሁለቱንም ጥቅም ያገኛል። ካርቶኑ ከፓሌቱ ጠርዝ ወጥቶ በአየር ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ የተንጠለጠለው ማዕዘን ምንም አይሸከምምና።

ግድግዳው፣ ጣሪያውና በሩ

በመጋዘን አያያዝ መመሪያዎች የተለመደው ምክር ክምሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል እንዲርቅ ነው። በክምሮች መካከልም ሰው የሚያልፍበት መንገድ ይተዋል። ከክምሩ ጫፍ እስከ ጣሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ክፍት ይሁን። ቦታ ለጠበበው ባለመጋዘን ይህ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ግድግዳ የተደገፈ ክምር ሦስት ነገር ያሳጣል። ግድግዳው የሳበውን የዝናብ እርጥበት ወደ ምርቱ ያስተላልፋል፤ ለአይጥ ሰው የማያየው መሄጃ ይከፍታል፤ ባለቤቱም የኋላውን ረድፍ ሳያይ ወራት ያልፋሉ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር የተጠጋ ክምር ደግሞ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውን ጤዛ ይቀበላል።

ሁሉም ነገር ከመደርደሩ በፊት ግን ምርቱ ደረቅ መሆን አለበት። በቆሎ ለረጅም ጊዜ ሲከማች የእርጥበት መጠኑ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመከራል። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ገበሬ የጨው ሙከራ አለ። ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ ለጥቂት ደቂቃ መወዝወዝ፣ ከዚያም ማቆየት ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ካልተጣበቀ ለማከማቸት ደርሷል።

ለበርበሬ ይህ ነጥብ የበለጠ ይከብዳል። የደረቀ በርበሬ እንዳይሰባበር ወይም ክብደት እንዲጨምር ተብሎ ውኃ የሚረጭበት ልማድ አለ። እርጥብ በርበሬ በክምር መካከል ሲታፈን ይሞቃል፣ ይሻግታል። ከሻጋታው አንዳንዱ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል ሲሆን በማብሰልም በቀላሉ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ ያወጣው ገደብ ከዋነኛው የአፍላቶክሲን ዓይነት በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 5 ማይክሮ ግራም፣ ከአራቱ ዓይነቶች በድምር ደግሞ 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። አንድ ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የበርበሬ ክምር ስለዚህ ከሁሉም በላይ አየር ይፈልጋል፤ ዝቅ ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ በርብራብ ላይ የተቀመጠና በየጊዜው የሚፈተሽ መሆን ይኖርበታል።

የማሰሪያው ምርጫ

የተደረደረው ክምር አንድ አካል የሚሆነው ሲታሰር ነው። በጉራጌ ከእንሰት የሚወጣው ቃጫ ለዘመናት ገመድ ሆኖ አገልግሏል። ቃጫ ሻካራ ስለሆነ ቋጠሮው አይፈታም፤ ጉዳቱ ርሶ ከቆየ መበስበሱ ነው። የፕላስቲክ ገመድ ውኃ አይፈራም፤ ነገር ግን ፀሐይ ታደርቀዋለች፣ ውጪ ከርሞ የነጣና ክሩ የሚበጣጠስ ገመድ ጭነት ሊታመንበት አይገባም። ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ማሰሪያ ደግሞ ሸራ ለመወጠር ይጠቅማል እንጂ ጭነት አይይዝም። ላስቲክ ይለጠጣልና ጭነቱ ሲገፋው አብሮት ይሄዳል።

ጥብቅ ማሰሪያ የሚፈልግ ሰው ማጥበቂያ ብረት ያለውን የጨርቅ ቀበቶ ቢጠቀም ይሻለዋል። ቀበቶው የሚችለው ክብደት በላዩ በተሰፋው ምልክት ላይ ይጻፋል። የትኛውም ገመድ ወይም ቀበቶ ሲቋጠር ከጉልበቱ እስከ ግማሽ ሊያጣ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተቆረጠን ገመድ ቀጣጥሎ ጭነት ማሰር አደጋ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱ በካርቶን ወይም በከረጢት ጠርዝ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ወፍራም ካርቶን ወይም ጣውላ ጣል ቢደረግበት ገመዱም አይበላም፣ ዕቃውም አይቆረጥም።

በከተማ መጋዘኖች እየተለመደ የመጣው የሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ ነው። አጠቃላሉ ከሥር ይጀመራል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ፓሌቱን ራሱን ከታችኛው ረድፍ ጋር አብረው መያዝ አለባቸው፤ ይህ ከተረሳ ዕቃው በአንድነት ቢታሰርም ከፓሌቱ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ እየደረበ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይኛው ረድፍ ላይ ተደግሞ ይጠናቀቃል። ፕላስቲክ ለካርቶንና ለታሸገ ዕቃ ይስማማል። ለበርበሬ፣ ለሽንኩርት፣ ለአቮካዶና ለመሳሰሉት ትንፋሽ ላላቸው ምርቶች ግን አይሆንም። በእነርሱ ላይ መረብ ወይም በየረድፉ የሚዞር ገመድ ይሻላል።

ጭነቱ ሲጓዝ

በመጋዘን ውስጥ የክምሩ ጠላት እርጥበትና ዝንባሌ ነው። በመኪና ላይ ሲወጣ ሌላ ጠላት ይጨመርበታል፤ እርሱም የራሱ ግፊት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል እንጂ ጭነቱ መሄዱን አይተውም።

በአውሮፓ የጭነት ማሰሪያ ደረጃ የተቀመጠው ስሌት ይህንን በቁጥር ያሳያል። ማሰሪያው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት እንዲቋቋም ይጠበቃል። በአንድ አይሱዙ ላይ 40 ኩንታል እህል ተጭኗል እንበል። በከባድ ፍሬን ጊዜ የ32 ኩንታል ክብደት ያህል ግፊት ወደ ሾፌሩ ክፍል ይሄዳል። ጭነቱ ከወለሉ ጋር ያለው ፍትጊያ 40 በመቶ ያህል ቢሆን 16 ኩንታሉን ፍትጊያው ይይዘዋል። የቀረውን 16 ኩንታል የፊተኛው ግድግዳና ገመዱ መሸከም አለባቸው። ወለሉ ላይ አሸዋ፣ የፈሰሰ እህል ወይም ዘይት ካለ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ በገመዱ ላይ የሚወድቀው ዕዳም ይጨምራል። መጫኛውን ከመጫን በፊት መጥረግ እንግዲህ የማሰር ሥራ መጀመሪያ ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ ከፊተኛው ግድግዳ ጋር ክፍተት ሳይተው ይጠጋ። በመካከል ባዶ ቦታ ከተረፈ በባዶ ፓሌት ወይም በጣውላ ይሞላ። ከባዱ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን፤ ክብደቱም በግራና በቀኝ እኩል ይከፈል። በላይ የሚያልፈው ገመድ ጭነቱን ወደ ወለሉ የሚጫነው ወደ ታች በቀጥታ ሲወርድ ነው። ገመዱ ከወለሉ ጋር 30 ዲግሪ ብቻ የሚያህል አንግል ከሠራ ወደ ታች የሚጫነው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አጭርና ሰፊ ጭነትን በላይ በሚያልፍ ገመድ ብቻ ማሰር አይበቃም፤ ከፊትና ከጎንም ማገጃ ያስፈልገዋል።

የደረቀ በርበሬ እዚህ ላይ የራሱ ፈተና አለው። ቀላል ምርት በመሆኑ የመኪናው የክብደት ልክ ሳይሞላ ቁመቱ ቀድሞ ይሞላል። ባለንብረቱም ቦታ አለ ብሎ ከስፖንዳው በላይ ይከምራል። ቁመቱ ሲጨምር የጭነቱ ሚዛን ወደ ላይ ይወጣል፤ ኩርባ ላይ ደግሞ የክብደቱ ማነስ ሳይሆን የሚዛኑ ከፍታ ይወስናል። ቀላል ጭነት አይገለበጥም የሚለው አስተሳሰብ እንግዲህ የተሳሳተ ነው።

መንገዶቻችን ይህን ይፈትኑታል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚሄድ መኪና ከ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ዘወትር ወደ ፊት ይገፋል። ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ደግሞ ግፊቱ ወደ ኋላ ይዞርና የኋላው ስፖንዳ ይፈተናል። ከቡታጅራ ወደ ባቱ የሚሄደውም ከደጋው ጠርዝ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል ይወርዳል። ከረጢት በጉዞ ንዝረት ስለሚደላደል ሲነሣ የጠበቀ ገመድ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ይላላል። ሾፌሩና ረዳቱ ከተማውን እንደወጡ አንድ ጊዜ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ሌላ ጊዜ ቆመው ገመዱን ቢያጠብቁ የሚያጠፉት ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው።

ሸራው በመጨረሻ ይመጣል። ሸራ ከዝናብና ከአቧራ ይከላከላል እንጂ ጭነት አይዝም። በገመድ ያልታሰረ ክምር ላይ ሸራ መወጠር ችግሩን ከዓይን መሰወር ነው። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ደግሞ በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም። ክምሩ ሲንሸራተት በላዩ የተቀመጠው ሰው የሚይዘው ነገር የለውም።

የተሸካሚው ትከሻ

ስለ ክምር ሲነገር የሚረሳው ክምሩን የሚሠራው ሰው ነው። በከተሞቻችን ጫኝና አውራጅ ወጣቶች 100 ኪሎ የሚመዝን ኩንታል በትከሻቸው ተሸክመው በጣውላ መሰላል ይወጣሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ሠራተኛ የሚፈቀደው ከፍተኛው ሸክም ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ እንዲቀነስ እርምጃ ሊወሰድ እንደሚገባ አሳስቧል። የአፈር ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት መታሸጉ ለዚህ ይስማማል። እህልንም በ50 ኪሎ ማሸግ የተሸካሚውን ወገብ ያድናል፤ ክምሩንም ያስተካክላል፤ ትንሽ ከረጢት ለመደልደልና ለማጠላለፍ ይመቻልና።

ክምርን ማፍረስም ሥርዓት አለው። ከላይ ጀምሮ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እንደ ደረጃ እየተወረደ መነሣት አለበት። ለመቅረብ ስለሚመች ብቻ ከሥር ወይም ከመካከል ከረጢት መምዘዝ የላይኛውን በራስ ላይ መጋበዝ ነው። ያዘነበለ ክምር ያየ ሠራተኛም በእጁ ሊደግፈው አይሞክር። የአንድ ረድፍ ክብደት እንኳ ከሰው ጉልበት በላይ ስለሆነ መራቅና ከላይ ማቃለል ብቻ ነው መፍትሔው። የነቀዝ መከላከያ የጋዝ ክኒን የተቀመጠበት ክምር ከሆነ ደግሞ መጋዘኑ በሚገባ ሳይናፈስ፣ ባለሙያም ሳይፈቅድ ማንም አይግባ። ከክኒኑ የሚወጣው ፎስፊን የተባለው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ያለ ክምርም ፈጽሞ በዚህ ክኒን መታከም የለበትም።

ለአርሶ አደሩ፣ ለማኅበራትና ለነጋዴው

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ የአርሶ አደር ቤተሰብ በአራት የባህር ዛፍ አግዳሚና በጥቂት ሳንቃ የጓዳውን እህል ከመሬት ሊያነሣ ይችላል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማዳበሪያው ከመድረሱ በፊት ርብራቡን አስጠግኖ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር የሚርቀውን መስመር በወለሉ ላይ በቀለም አስምሮ ቢጠብቅ፣ ሠራተኛው የት እንደሚያቆም ሳይጠይቅ ያውቃል። ባለመኪናው የታመነ ቀበቶ ለመግዛት የሚያወጣው ወጪ ከአንድ የተናደ ጭነት ኪሳራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ክምሩን የሚረከብ ሰው አራት ጥያቄዎችን ቢያስታውስ ይበቃዋል። ከሥሩ እጄን ማስገባት እችላለሁ? የላይኛው ከረጢት የታችኛውን መጋጠሚያ ሸፍኗል? ክምሩን ዞሬ ማየት እችላለሁ? ገመዱን በሙሉ ኃይሌ ስጎትተው ይንቀሳቀሳል? ለሦስቱ አዎን፣ ለአራተኛው አይደለም የሚል መልስ ከተገኘ ምርቱ ለጉዞ ተዘጋጅቷል።

በመጪው ኅዳር የማረቆ በርበሬ እንደገና ይቀላል። ጋሪዎቹና አይሱዙዎቹ በቡታጅራና በወልቂጤ ደጃፍ ይሰለፋሉ። ርብራቡ ግን ያኔ የሚሠራ አይደለም፤ እንጨቱ ደርቆ እንዲጠብቅ ከአሁኑ መቆረጥ አለበት።